ሳለ

ቺያቱራ ገደል ናት፤ ሰፈር ከሰፈር በገመድ የሚገናኝባት፣
ወንዟ ማንጋኒዝ ጠጥቶ እንደ ቀለም ብልቃጥ የጠቆረባት።
እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ
ክኒን አምስት አምስት ስቆጥር ያረጀሁ፤ ሙያ የለኝ ሌላ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣ በቀድሞው የማዕድን ሠራተኞች ክበብ፣
ስድስት ሰዎች እንቀመጣለን፣ ወንበር ስበን በክብ።
መምህራችን ኤካ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ የቆሸሹ።
"የለመደ እጅ ውሸታም ነው፤" ትላለች፣ "በግራችሁ ሞክሩ፤
ቀለም ይፍሰስ፤ ወረቀት ይቀደድ፤ አትሽሹ።"
አንድ ማታ ሻማ ለኩሳ ጥላሸቱን ለወረቀት አጠጣች፤
ሌላ ማታ የጫማችንን ሶል ከሰል ቀብታ
እንደ ሕፃን አስረገጠች፤
እኔ ግን የሽሮፕ ጠርሙስ ሳልኩ። ጥላው፣ ክዳኑ ሳይቀር።
ኤካ አየችው። "ቆንጆ ጠርሙስ ነው" አለች፤ ሌላ ነገር
አላለችም።

ማክቫላ የገመድ ፉርጎ ነጂ ነበረች፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ከገደል ገደል ስታመላልስ የኖረች፣
ጡረታ ወጥታም ቀኝ እጇ ገና እጀታ የጨበጠ የሚመስል።
ባሏ ሺዮ ከጉድጓድ ነው የኖረው፤ አቧራ በልቶ፣ አቧራ ተንፍሶ።
እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር፤ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ትከሻው ኮስሶ።
ሽሮፕ እሸጥለታለሁ። ምንም እንደማይፈይድ አውቃለሁ።
እሱም ያውቃል። "ጣዕሙ ደግ ነው" ይላል።
እኔ መልስ እቆጥራለሁ።

በዚያ ማክሰኞ ኤካ እንዲህ አለች፦
"የምትወዱትን ሰው ፊቱን ተዉት፤
ዓይን ጨፍናችሁ በእጃችሁ ስሙት፤
ድምፁን ሳሉት።"

ማክቫላ ከቦርሳዋ የሻይ ቆርቆሮ አወጣች።
ከሺዮ የሥራ ጫማ የተራገፈ ጥቁር ዱቄት ነው፤
ሰባት ዓመት አስቀምጣዋለች።
በእንቁላል አስኳል ለወሰችው። አላለቀሰችም።
እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ጨፈነች።

መጀመሪያ ምንም። ነጭ። ትንፋሽ ሲሰበሰብ።
ከዚያ ግራ እጇ ወረቀቱን መታው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣
መስኮት ላይ እንደሚወረወር ጠጠር፤
ከዚያ ረጅም ጭረት፣ ወደ መጨረሻው የሚቀጥን፣
ጥፍሯ የቀደደው፤
ከዚያ ፋታ፤
ከዚያ ሦስት፣ አንዱ ባንዱ ጀርባ ላይ የወጡ፤
ከዚያ አንዲት ትንሽ ነጥብ፣
ይቅርታ የምትመስል።

ቆሜ ነበር። ወንበሬ ሲወድቅ አልሰማሁም።
"ይህን ሳል አውቀዋለሁ" አልኩ።
ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።
ሦስቱ፣ ፋታው፣ ያቺ ይቅርታ፤
በሬ ሳይከፈት ከመንገድ ላይ የምለየው፣
እጄ ቀድሞኝ ወደ መደርደሪያው የሚዘረጋለት፤
ሺዮ ነው።

ሺዮ እርሳስ ጨብጦ አያውቅም፤
ለፊርማ እንኳ አውራ ጣቱን ነበር የሚያስነክረው።
ግን ሃያ ዓመት ሳለ።
ትራስ ላይ ሳለ፤ ግድግዳ ተደግፎ ሳለ፤
መሐረብ ላይ በቀይ ሳለ።
በሕይወት ሳለ ማን አየለት?
"ሳለ" አልን፣ መስኮት ዘጋን፤
"ሳለ" ያለ አልነበረም።

ማክቫላ ዓይኗን ገለጠች። ወረቀቱን በቁሙ፣ በጎኑ አየችው።
"ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው" አለች፣
"ውሃ ላመጣለት የምነሣበት።"
ኤካ የምትለው ጠፍቷት ብሩሽ ታጥባለች፤
የታጠበውን ደግማ ታጥባለች።
ስንወጣ ማክቫላ ደረጃው ላይ ያዘችኝ፦
"አንተ ዘንድ ዕዳ ቀርቶበት ነበር?"
"የለም" አልኩ።
ሁለት ጠርሙስ ነበረበት።

የመጨረሻው ፉርጎ አልፎኛል፤ በእግሬ ወረድኩ።
ሱቄን ከፈትኩ፤ መብራቱን ሳላበራ ቆምኩ።
በግራ እጄ፣ በደረሰኝ ጀርባ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣
መልስ ስቆጥር የሚሰማውን ድምፅ ልስል ሞከርኩ፤
የሳንቲሞቹን፣ የመሳቢያውን፣ የዝምታዬን።
መብራት አብርቼ አየሁት።
ጠርሙስ ሆኖ ወጥቷል።